የመንግሥት ሥራ ለምን በፈተና ሆነ? አሜሪካኖች ከመቶ አርባ ዓመት በፊት ስለነበራቸው የሹመት ገበያ

አሜሪካ ያላችሁ፣ በተለይ ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ሆናችሁ የፌደራል መሥሪያ ቤት የምትሠሩ ወይ ዘመድ ያላችሁ፣ "ሼጁል ኤፍ" የሚለውን ስም ደጋግማችሁ ሳትሰሙ አልቀራችሁም። ትራምፕ በ2020 ጥቅምት ላይ ያወጡት፣ ባይደን እንደገቡ የሰረዙት፣ ትራምፕ ደሞ በጥር 2025 ስሙን ቀየር አድርገው የመለሱት ትዕዛዝ ነው። ባጭሩ ፖሊሲ ነክ ሥራ ላይ ያለ የፌደራል ሠራተኛን ማሰናበት ቀላል ያደርጋል። ደጋፊዎቹ ማንም ያልመረጠው ቢሮክራት የተመረጠውን ፕሬዚዳንት ማስቸገሩ ይብቃ ይላሉ፣ ተቃዋሚዎቹ ደሞ ወደ ስፖይልስ ሲስተም ልትመልሱን ነው ይላሉ። ማነው ልክ የሚለው ውስጥ አልገባም። ግን ስፖይልስ ሲስተም የሚባለው ነገር ምን እንደነበርና እንዴት እንደተነካካ ካላወቅን ክርክሩ አይገባንም፣ እኔም ዛሬ የምጽፈው ስለሱ ነው። ዓመቶቹም ወሮቹም በሙሉ በፈረንጅ ናቸው፣ ዋናው ታሪክ የሆነው እኛ ጋ አፄ ዮሐንስ 4ኛ ነግሠው በነበረበት ጊዜ ነው።

ስፖይልስ ሲስተም ምንድነው?

ምርጫ ያሸነፈ ፓርቲ የመንግሥትን ሥራ ለራሱ ሰዎች የሚያከፋፍልበት አሠራር ነው። ሚኒስትርና አምባሳደር ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ ፖስታ ቤት ቴምብር የሚሸጠው፣ ወደብ ላይ ሳጥን ከፍቶ የሚፈትሸው፣ ቢሮ ቁጭ ብሎ ደብዳቤ የሚገለብጠው ጸሐፊ ሳይቀር ፓርቲው ሲሸነፍ ይባረራል፣ ፓርቲው ሲያሸንፍ ይቀጠራል። በ1829 ፕሬዚዳንት የሆነው አንድሪው ጃክሰን ነው ነገሩን በሰፊው ያስለመደው፣ ያቀረበውም ምክንያት ሲሰሙት መጥፎ አይደለም። ከሱ በፊት የመንግሥት ወንበር በአብዛኛው የትላልቅ ቤተሰቦች ነበር፣ አንዴ የገባ እስኪሞት አይወጣም፣ እና ጃክሰን ይሄ ሥራ ማንም ጤነኛ አእምሮ ያለው ሰው የሚሠራው ነውና ለተራው ሕዝብም ይድረሰው፣ በየጊዜው ይቀያየር አለ። በ1832 ደሞ የኒውዮርኩ ሴናተር ዊሊያም ማርሲ ሴኔት ውስጥ ቆሞ ምርኮው የአሸናፊው ነው የሚል ነገር ተናገረ፣ ስሙም በዛው ቀረ።

ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ በአራት ዓመት ውስጥ እንደሚባረር የሚያውቅ ሰው ሥራውን ለመማር ምክንያት የለውም፣ ለመብላት ግን አለው። ሲሾም ያልበላ የሚለውን ተረት የነገራቸው ባይኖርም በተግባር ደርሰውበታል።

ግን ፓርቲዎቹ ይሄ ሁሉ ሥራ ምን ያደርግላቸዋል?

ብዙ ሰው የሚያልፈው ነጥብ ይሄ ነው። የዛን ዘመን ሙስና ሲወራ የሌቦች ታሪክ ሆኖ ነው የሚወራው፣ እገሌ ይሄን ያህል በላ ምናምን። ሌቦቹ ነበሩ፣ እመጣባቸዋለሁ፣ ግን ሥሩ የፓርቲ ገንዘብ ነው።

ፓርቲ ወጪ አለበት። ሰልፍ ያዘጋጃል፣ ጋዜጣ ይደጉማል፣ የድምፅ መስጫ ወረቀት ራሱ ነው የሚያሳትመው፣ የምርጫ ቀን ሰው አጓጉዞ ውስኪ ያጠጣል፣ ባስ ሲልም ድምፅ በብር ይገዛል። ገንዘቡ ከየት ይመጣል? ከመንግሥት ሠራተኛው። በፓርቲ ተቀጥረህ ሥራ ስትገባ በየዓመቱ፣ በተለይ ምርጫ ሲደርስ፣ ከደሞዝህ ከመቶ ሁለት፣ አንዳንዴ እስከ ሰባት ድረስ ለፓርቲው ታዋጣለህ። የሚላክልህ ደብዳቤ በጨዋ ቋንቋ "በፈቃደኝነት" ይላል፣ አልሰጥም ካልክ ግን ስምህ ይያዛል፣ ወንበርህን የሚጠብቅ ደሞ ውጪ ተሰልፏል። እቁብ በሉት፣ ልዩነቱ ዕጣው ሁሌ ለዳኛው ነው የሚወጣው።

ስለዚህ የመንግሥት ሥራ ለፓርቲው ሁለቴ ይከፍላል። አንዴ ለምርጫ የሮጠለትን ሰው ደሞዝ ከመንግሥት ካዝና ያስከፍልለታል፣ ሁለተኛ ከዛው ደሞዝ ላይ ቆርጦ ለሚቀጥለው ምርጫ ይወስዳል። በሌላ አነጋገር የገዢውን ፓርቲ ወጪ የሚሸፍነው ግብር ከፋዩ ነበር ማለት ነው፣ ተቃዋሚውን የመረጠው ግብር ከፋይ ጭምር።

የዚህ ሁሉ ትልቁ ላም የኒውዮርክ ጉምሩክ ነበር። በዛን ጊዜ የገቢ ግብር የለም (ለእርስ በርስ ጦርነቱ ተብሎ የመጣው በ1872 ቀርቷል)፣ የፌደራል መንግሥቱ በዋነኛነት የሚኖረው በጉምሩክ ቀረጥና በመጠጥና በትምባሆ ግብር ነው፣ ከጉምሩኩ ገቢ ደሞ አብዛኛው በኒውዮርክ ወደብ ነው የሚገባው። እዛ ወደ አንድ ሺህ የሚጠጋ ሠራተኛ አለ። ከ1871 ጀምሮ ኃላፊው ቼስተር አርተር የሚባል፣ በአለባበሱ የሚታወቅ የኒውዮርክ ጠበቃ ነበር፣ አለቃው ደሞ ሴናተር ሮስኮ ኮንክሊንግ፣ የኒውዮርክን ሪፐብሊካኖች በመዳፉ የያዘ ሰው። አርተር ለራሱ ጉቦ በላ የሚል ማስረጃ አልተገኘበትም። አያስፈልገውም ነበር እኮ፣ ሕጉ ራሱ ከነጋዴ ላይ ከሚጣል ቅጣት ድርሻ ይሰጠው ስለነበር እስከ 1874 ድረስ በዓመት 50 ሺህ ዶላር አካባቢ ያገኝ ነበር፣ የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ደሞዝ ያህል። አሁን አስቡት፣ ቅጣት በጣለ ቁጥር የሚከፈለው ኃላፊ ነጋዴ ላይ ምን ያህል ጥፋት እንደሚያገኝ። ነጋዴዎቹ ጮኹ፣ በ1874 ኮንግረስ የቅጣት ድርሻውን አስቀረና አርተር በ12 ሺህ ደሞዝ ተወሰነ።

ቦስ ትዊድ የሚባለውስ?

እሱ የከተማው ስሪት ነው። ዊሊያም ትዊድ ታማኒ ሆል የሚባለውን የኒውዮርክ ዴሞክራቶች ድርጅት ይመራ ነበር። አሠራሩ ቀላል ነው፣ ኮንትራክተሩን "ደረሰኝህን አብዛና ትርፉን መልስልን" ይሉታል። በጣም የታወቀው የፍርድ ቤቱ ሕንፃ ነው፣ መጀመሪያ 250 ሺህ ዶላር የተያዘለት ከ12 ሚሊዮን በላይ ወጣበት። በ1867 አሜሪካ አላስካን በሙሉ ከሩሲያ የገዛችው በ7.2 ሚሊዮን ነው! ሕንፃው አሁንም ማንሃተን ቼምበርስ ጎዳና ላይ ቆሟል፣ ማየት ትችላላችሁ።

በ1871 ኒውዮርክ ታይምስ የሒሳብ መዝገቡን አግኝቶ አወጣው፣ ካርቱኒስቱ ቶማስ ናስት ደሞ ትዊድን ቦርጫም ሌባ አድርጎ እየሳለ ማንበብ ለማይችለው ሕዝብ አደረሰው። ትዊድ ተፈረደበት፣ በ1875 አመለጠ፣ ስፔን ሲደርስ በናስት ካርቱን መልኩ ታውቆ ተያዘ፣ በ1878 እስር ቤት ሞተ።

እሺ፣ ግን ሰው ለምን ይመርጣቸው ነበር? እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ከአየርላንድ ተርቦ የመጣ፣ ቋንቋው ቢገባውም ሃይማኖቱ የተናቀ፣ ዘመድ የሌለው ስደተኛ ኒውዮርክ ሲወርድ የሚቀበለው መንግሥታዊ መሥሪያ ቤት አልነበረም። የሚቀበለው የታማኒ የሰፈር ሰው ነው። ሥራ ያገባዋል፣ ክረምት ሲመጣ ከሰል ይልክለታል፣ ልጁ ሲታሰር ዳኛውን ያናግርለታል፣ ዜግነቱን ቶሎ ያስጨርስለታል፣ በለውጡ የሚጠይቀው አንድ ድምፅ ብቻ ነው። ለዛ ሰው ይሄ ሙስና አይደለም፣ ውለታ ነው። ተቃዋሚዎቹ ሪፎርመሮች ደሞ ሁሉም መላእክት አልነበሩም፣ በ1877 አንድ የኒውዮርክ ኮሚሽን መፍትሔ ብሎ ያቀረበው የከተማ በጀት ላይ የሚወስኑትን ንብረት ያላቸው ሰዎች ብቻ እንዲመርጡ ነበር። አላለፈም፣ ግን የሌብነቱ ንዴትና የደሃው መራጭ ንቀት እየተቀላቀሉ እንደሄዱ ያሳያል።

ፌደራል መንግሥቱ ምን ይል ነበር?

ፕሬዚዳንቱ ከ1869 እስከ 1877 ጄኔራል ግራንት ናቸው፣ በግል ንፁህ የሚባሉ፣ በጓደኛ ግን የማይጨክኑ። በሳቸው ጊዜ ብዙ ጉድ ወጣ፣ ሁለቱን ብቻ ላንሳ። ክሬዲ ሞቢሊየር የሚባለው የባቡር ጉዳይ አለ፣ የዩኒየን ፓሲፊክ ባቡር ባለቤቶች የራሳቸውን የግንባታ ኩባንያ አቋቁመው ለራሳቸው በውድ እያስከፈሉ መንግሥት የሚደጉመውን ብር ወደ ኪሳቸው አዞሩት፣ ኮንግረስ ጥያቄ እንዳያነሳ ደሞ አክሲዮኑን ለአባላቱ በርካሽ አደሏቸው። በ1872 ተጋለጠ፣ ሁለት አባላት ወቀሳ ተሰጣቸው፣ በቃ። የታሰረ የለም። ሁለተኛው የውስኪ ጉዳይ ነው። የውስኪ ፋብሪካዎች ግብሩን ላለመክፈል ሰብሳቢዎቹን ይገዛሉ፣ ከተሰረቀው ላይ ከፊሉ ለሪፐብሊካን ፓርቲ የምርጫ ዘመቻ ይሄዳል። በ1875 የገንዘብ ሚኒስትሩ ቤንጃሚን ብሪስቶው በድብቅ አጥንቶ መታቸው፣ 110 ሰው ተፈረደበት፣ ከ3 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተመለሰ። ይሄም ጋ ገንዘቡ በመጨረሻ የት እንደሚደርስ ልብ በሉ።

ከዛ ራዘርፎርድ ሄይስ መጡ። ጉምሩኩን የሚያጣራ ኮሚሽን አቋቋሙ፣ ከአምስት ሠራተኛ አንዱ ትርፍ ነው ተባለ፣ በሐምሌ 1878 አርተርን አነሱት። ኮንክሊንግ በጣም ተናደደ። የሚገርመው፣ በ1880 ሪፐብሊካኖች ጄምስ ጋርፊልድን በ36ኛው ዙር ቆጠራ ለፕሬዚዳንትነት ሲመርጡ የኮንክሊንግን ቡድን ለማስደሰት ምክትል ያደረጉት ማንን ነው? ይሄንኑ ከጉምሩክ የተባረረውን አርተርን። (ጋርፊልድም ስሙ የክሬዲ ሞቢሊየር መዝገብ ላይ ነበር፣ በ329 ዶላር። አልወሰድኩም ብሎ እስከመጨረሻ ካደ፣ ተቃዋሚዎቹ ግን ቁጥሩን በየግድግዳው ይጽፉበት ነበር።)

ፕሬዚዳንቱን የገደለው ሰው ምን ፈልጎ ነበር?

ሥራ። ቀልድ አይደለም።

ጋርፊልድ በመጋቢት 1881 ቢሮ ሲገባ በሩ ላይ ሥራ ፈላጊ ተሰልፎ ነበር፣ ያኔ ማንም ሰው ዋይት ሀውስ ገብቶ ማመልከቻ መስጠት ይችላል፣ ሰውዬው አገር ከመምራት ይልቅ ቀኑን ሙሉ የፖስታ ቤት ኃላፊ ሲመርጥ ይውል ነበር። ከሰልፈኞቹ አንዱ ቻርልስ ጊቶ ነው፣ አእምሮው የተነካ፣ ሞክሮ ያልተሳካለት ጠበቃ። ጋርፊልድን የሚደግፍ አንድ ንግግር ጽፎ አሳትሞ ነበርና ያስመረጥኩት እኔ ነኝ ብሎ አምኗል፣ በለውጡ የፓሪስ ቆንሲል ሆኖ መሾም ይፈልጋል። በየቀኑ እየሄደ ያስቸግራል፣ በግንቦት የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ጄምስ ብሌን ሁለተኛ የፓሪስን ነገር እንዳታነሳብኝ ብለው አባረሩት።

በዛው ወር ኮንክሊንግና ጋርፊልድ በዛው በኒውዮርክ ጉምሩክ ሹመት ተጣሉ። ኮንክሊንግ ጉልበቱን ለማሳየት ከሴኔት ለቀቀ፣ ያኔ ሴናተር የሚመረጠው በክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት ስለነበር መልሰው ይመርጡኛል ብሎ ነው፣ ምክትል ፕሬዚዳንቱ አርተር ሳይቀር ምክር ቤቱ ያለበት ከተማ አልባኒ ሄዶ ቅስቀሳ ሠራለት። አልመረጡትም። ጊቶ ይሄን ጠብ በጋዜጣ እያነበበ ጋርፊልድ ቢወገድ ፓርቲው ይድናል፣ አርተርም ሥራ ይሰጠኛል ብሎ ደመደመ። በተበደረው ገንዘብ ሽጉጥ ገዛ፣ የዝሆን ጥርስ እጀታ ያለውን የመረጠው በኋላ ሙዚየም ሲቀመጥ ያምራል ብሎ ነው። በሐምሌ 2 ቀን 1881 ዋሽንግተን ባቡር ጣቢያ ላይ ተኮሰ፣ ሲይዙትም የኮንክሊንግ ቡድን ሰው እንደሆነና አርተር ፕሬዚዳንት እንደሚሆን ጮኾ ተናገረ።

ጋርፊልድ ወዲያው አልሞተም። ሐኪሞቹ ባልታጠበ ጣት ጥይቱን ሲፈልጉ ቁስሉን አመረቀዙት፣ ሁለት ወር ተኩል ተሰቃይቶ መስከረም 19 ላይ ሞተ። ጊቶ በሚቀጥለው ዓመት ተሰቀለ። ሕዝቡ ግን እብድ ገደለው ብሎ አልተወውም፣ ሪፎርመሮቹም እንዲተወው አላደረጉም። ስፖይልስ ሲስተም ገደለው ተባለ። ትንሽ የተጋነነ ነው፣ ግን ሠራ።

ሕጉ ምን አመጣ?

በኅዳር 1882 የኮንግረስ ምርጫ ሪፐብሊካኖች ክፉኛ ተመቱ። ከሁለት ዓመት በኋላ ፕሬዚዳንትነቱም እንደሚሄድ ታያቸው፣ እና ሥራውን በሙሉ ዴሞክራቶች ከሚወስዱት የኛ ሰዎች እዛው እያሉ በሕግ ይታሰር የሚል ስሌት ገባ። በጎ ሐሳብም ነበር፣ ስሌቱም ነበር፣ ሁለቱ አንድ ላይ ሲገጥሙ ነው ሕግ የወጣው። የኦሃዮው ዴሞክራት ሴናተር ጆርጅ ፔንድልተን ያቀረበው ረቂቅ በሴኔት 38 ለ 5፣ በታችኛው ምክር ቤት 155 ለ 47 አለፈ፣ በጥር 16 ቀን 1883 የፈረመው ደሞ ያ የጉምሩክ ሰውዬ፣ አርተር። የድሮ ጓደኞቹ ጉድ አሉ።

ሕጉ ለተወሰኑ ሥራዎች ቅጥር በውድድር ፈተና እንዲሆን አዘዘ፣ የሚያስፈጽም ሦስት አባላት ያሉት ኮሚሽን አቋቋመ፣ ከሦስቱ ከሁለት በላይ ከአንድ ፓርቲ መሆን አይችሉም። መዋጮ አልሰጥም ያለን ሠራተኛ ማባረር ተከለከለ፣ መሥሪያ ቤት ውስጥ መዋጮ መጠየቅም ወንጀል ሆነ። የስድስት ወር የሙከራ ጊዜ አለው። ሰካራም አይቀጠርም የሚል አንቀጽም አለው፣ ከአንድ ቤተሰብ ሁለት ሰው መንግሥት ጋ ካለ ሦስተኛው እንዳይገባ የሚልም አለው።

መጀመሪያ ላይ የሸፈነው ከፌደራል ሥራው አንድ አሥረኛ ገደማ ብቻ ነበር፣ ዋሽንግተን ያሉ ቢሮዎችንና 50 ሠራተኛና ከዛ በላይ ያላቸውን ጉምሩኮችና ፖስታ ቤቶች። ግን ፕሬዚዳንቱ በትዕዛዝ ማስፋት ይችላል የሚል ቀዳዳ ነበረው፣ ያ ቀዳዳ ነው ያሳደገው። አንድ ፕሬዚዳንት ሲሸነፍ ከመውጣቱ በፊት የራሱ ሰዎች የያዙትን ሥራ በሕጉ ስር ያስገባዋል፣ ተተኪው እንዳያባርራቸው። ቀጣዩም እንደዛው ያደርጋል። እንዲህ በራስ ወዳድነት እየሰፋ በ1900 አካባቢ ወደ ግማሽ ተጠጋ። ፔንድልተን ራሱ ግን የኦሃዮ ዴሞክራቶች ተናደውበት በ1884 ሳያቀርቡት ቀሩ፣ ካሳ ይመስል በጀርመን የአሜሪካ መልእክተኛ ተደረገ፣ በሹመት!

ስፖይልስ ሲስተሙ በዛው ሞተ?

አልሞተም። በ1885 ዴሞክራቶች ከ24 ዓመት በኋላ ሥልጣን ሲይዙ የፖስታው ምክትል ኃላፊ አድላይ ስቲቨንሰን ከ40 ሺህ በላይ የሪፐብሊካን ፖስታ ቤት ኃላፊዎችን አባረረ፣ አንገት ቆራጩ የሚል ቅጽል ስም ወጣለት። ትንንሾቹ ፖስታ ቤቶች ሕጉ ውስጥ አልነበሩማ።

ድምፅ መግዛቱም ቀጠለ፣ ምክንያቱም ምስጢር የሚባል ነገር የለም። የምርጫ ወረቀቱን እያንዳንዱ ፓርቲ በራሱ ቀለም ያሳትማል፣ መራጩ የትኛውን እንደከተተ ከሩቅ ይታያል፣ ስለዚህ ብር የከፈለው ሰው የገዛውን እቃ መረከቡን ያያል። በ1888 የሪፐብሊካን ፓርቲ ገንዘብ ያዥ ዊሊያም ደድሊ ለኢንዲያና ሰዎቹ የሚገዙትን መራጮች በአምስት አምስት ከፋፍላችሁ፣ ገንዘብ የያዘ ታማኝ ሰው መድቡላቸው የሚል ደብዳቤ መላኩ ተጋለጠ። በዛው ዓመት ማሳቹሴትስ ከአውስትራሊያ የመጣውን አሠራር፣ መንግሥት የሚያሳትመው አንድ ዓይነት ወረቀት፣ በመጋረጃ ውስጥ የሚሞላ፣ ሕግ አደረገች፣ በ1892 አብዛኛው ክፍለ ግዛት ተከተለ።

ግን ወረቀቱን ራስህ አንብበህ መሙላት አለብህ፣ ማንበብ የማይችለው ምን ይሁን? ደቡቡ ይሄን ወደደው። "ምርጫውን ማጽዳት" በሚል ስም የንባብ ፈተናና የምርጫ ግብር ጨማምረው ጥቁሮችን አስወጡ፣ ሚሲሲፒ በ1890 ጀመረች፣ ሉዊዚያና ውስጥ በ1896 ከ130 ሺህ በላይ የነበሩት የተመዘገቡ ጥቁር መራጮች በ1900 ወደ 5 ሺህ ግድም ወረዱ። የዛን ጊዜ ሪፎርም ሲመሰገን ይሄ ገጽ ቶሎ ይገለበጣል።

የፓርቲዎቹ ገንዘብስ ከየት መጣ?

ከሠራተኛው ደሞዝ የሚቆረጠው እየደረቀ ሲሄድ ምርጫው አልረከሰም፣ እንዲያውም ተወደደ። ብሩ ያለው ያኔ እንደ እንጉዳይ እየፈሉ የነበሩት ትላልቅ ኩባንያዎች ጋ ነው። በ1896 የዊሊያም ማኪንሊን ዘመቻ የመራው የኦሃዮው ባለሀብት ማርክ ሃና ነገሩን በሥርዓት ያዘው፣ ባንኮችን ከካፒታላችሁ ከየመቶው ዶላር ሩብ ዶላር አምጡ ብሎ ተመነባቸው፣ ስታንዳርድ ኦይል ብቻውን 250 ሺህ ዶላር ሰጠ። ልብ ብላችሁ ካያችሁት መዋጮው ያው መዋጮ ነው፣ ከጸሐፊው ደሞዝ ወደ ኩባንያው ካዝና ነው የተዛወረው። ልዩነቱ ጸሐፊው የሚሰጠው ወንበሩን ላለማጣት ነበር፣ ኩባንያው የሚሰጠው ታሪፍና ሕግ እንዲመቸው ነው።

በ1907 ኮንግረስ ኩባንያዎች ለፌደራል ምርጫ በቀጥታ ገንዘብ እንዳይሰጡ የሚከለክል የቲልማን ሕግ አወጣ፣ ያቀረበው ቤን ቲልማን ደሞ በሳውዝ ካሮላይና ጥቁሮችን ከምርጫ ያስወጣ ሰው ነው። ሕጉ ቅጣት አለው፣ የሚከታተለው መሥሪያ ቤት ግን አልተሰጠውም። የፌደራል ምርጫ ኮሚሽን የሚባለው በሕግ የተፈጠረው በ1974 ነው፣ ዋተርጌት የሚባለው ቅሌት ፕሬዚዳንት ኒክሰንን ከሥልጣን ካስለቀቀ በኋላ።